«ቪጂላንት» ንቁ ነው ወይስ ጠንቃቃ?

ጤና ይስጥልኝ። «ቪጂላንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ንቁ» ነው ወይስ «ጠንቃቃ» ተብሎ ይተርጎም ብለው ለጠየቁት፣ እኔ «ንቁ»ን እመርጣለሁ፤ ቃሉ «ያልተኛ» ከሚል የላቲን ሥር የመጣ በመሆኑ «ነቃ» ከሚለው ግሳችን ጋር በሚያስደስት ሁኔታ ይገጥማል። ጠንቃቃ ሰው ሥራውን እንዳይሳሳት በልክ ይሠራል፤ ቪጂላንት የሚባለው ግን አደጋው ገና ሳይታይ በትኩረት የሚጠብቅ ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ በደንገል ታንኳ ጣናን የሚያቋርጥ ቀዛፊ ውኃው ጸጥ ባለበት ሰዓት እንኳ የነፋሱን አመጣጥ ሲከታተል ብናይ፣ ቃሉ በትክክል ይገልጸዋል። ከዚያው ሥር የወጣው «ቪጂል» በጸሎት የሚታደርበትን ሌሊት ያመለክታል። «ቪጂላንቴ» ግን በስፓኒሽ በኩል የገባና ያለ ሕግ ሥልጣን ራሱን ፍርድ ሰጪ ያደረገ ሰው የሚጠራበት ስለሆነ፣ እባክዎ ሰውን ለማመስገን አይጠቀሙበት።