መልስ፦ ጥቁር ከተቀባ ግሪል ላይ ቀለሙን አንስቶ ክሮሙን ስለመመለስ

ወንድሜ፣ የቀድሞው ባለቤት የኮሮላህን ግሪል (የፊቱን ፍርግርግ) ጥቁር ቀብቶታል፤ ከስር ያለው ክሮም (የሚያብረቀርቀው ልባጭ) እንዲታይ ቲነር ላፍስበት ወይ ብለሃል። ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋበት። ከሳበው ብረት ነው። ካልሳበው አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ክሮም ነው። ክሮሙ ራሱ ጠንካራ ነው፤ ከጀርባው ያለው ፕላስቲክ ግን በአሴቶንና በኃይለኛ ቲነር ይሟሟል።

ከዚያ ከማይታይ ጥግ ትንሽ ቀለም አንስተህ እይ። ቀቢው ቀለሙ እንዲይዝለት ክሮሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆት ከሆነ፣ ከስር የሚወጣው የተጫረና ደብዛዛ ነገር ነው። ያኔ አትልፋ፣ ሌላ ግሪል ፈልግ።

ክሮሙ ደህና ከሆነ እኔ የምመርጠው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ፍሬን ዘይት ነው። የመኪናውንም ቀለም ስለሚበላ ግሪሉን የግድ ፍታው። ጨርቅ ነክረህ ፊቱ ላይ ብቻ አልብሰው፣ በፌስታል ሸፍነው፣ የተወሰነ ሰዓት ተወው። ቀለሙ ያብጥና እንደ ወተት ስልባቦት ይሸበሸባል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልክ ፈግፍገው። ማጠንከሪያ የገባበት ቀለም ቶሎ አይለቅም፤ በተለይ መጋጠሚያዎቹ ላይ መድገም ይኖርብሃል። ቢላዋና የድስት ሽቦ ግን እንዳታስጠጋበት! ክሮሙ በጣም ስስ ነው፣ አንዴ ከተጫረ አይመለስም።

ስትጨርስ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠበው። ጓንትና መነጽር አትርሳ፤ የተረፈውንም ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋው፣ ለጋራዥ ስጣቸው።