ደመወዝ ሳይበተን

ልጆቼ፣

31 ዓመት ኦዲተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ደረሰኝ ማገላበጥ፣ ቀን ማየት፣ ፊርማ ማመሳከር ነበር። ይህ ልማድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ።

አንድ እሑድ ማለዳ ወደ ቅዳሴ ስገባ አንዲት እናት በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። "ስለ እመብርሃን" አሉኝና አራት ቦታ የታጠፈ የመድኃኒት ማዘዣ ከፌስታል አውጥተው ዘረጉልኝ። ተቀበልኳቸው። ዓይኔ በመጀመሪያ የሄደው ቀኑ ላይ ነው። ከተጻፈ ሁለት ወር አልፎታል። "እናቴ፣ ይኼ እኮ ቆይቷል" አልኳቸው።

"አዎ ልጄ፣ ገንዘቡ እስካሁን አልሞላልኝም" አሉኝ።

ወረቀቱን መልሼላቸው ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ ዛሬም ይገርመኛል። "አልሞላልኝም" የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ እያቃጨለ ቅዳሴው አለቀ። ስወጣ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። በሚቀጥሉት እሑዶች ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም።

ይህን የምነግራችሁ ለጠየቀ ሁሉ ዝም ብላችሁ ስጡ ለማለት አይደለም። አጭበርባሪ አለ፣ በሰው ሕመም የሚነግድም አለ። ጥፋቴ ማጣራቴ አልነበረም። ያጣራሁበት ሰዓት ነው። ስንት እሰጣለሁ፣ ለማን እሰጣለሁ የሚለውን ቤቴ ሳልጨርስ ወጥቼ፣ የተቸገረ ሰው ፊት ቆሜ ሒሳብ ጀመርኩ።

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ፣ የቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዳቸው እንደ ገቢያቸው ለይተው እንዲያስቀምጡ ነው የጻፈላቸው። እሱ ሲመጣ ያኔ መሰብሰብ እንዳይጀመር። ብዙ ጊዜ ስሰማው የኖርኩትን ይህን ቃል የገባኝ ከዚያ እሑድ በኋላ ነው።

ስለዚህ ደመወዝ ሲገባ፣ ሳይበተን፣ እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ሁለት ፖስታ እንለያለን። አሥራታችን ለብቻው ነው፤ እሱን ከምጽዋት ጋር አትቀላቅሉ። "ስንት ይሁን?" ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ የቤት ኪራይ ለሚያንገበግባችሁ፣ ጥቂት ይሁን፤ ግን የማይቀር ይሁን። ገጠር እናት ያለቻችሁ፣ ለእሷ የምትልኩት ደግሞ የመጀመሪያው ነው። የራሱን ቤተሰብ የማያስብ ሃይማኖቱን እንደካደ ነው ይላል ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ። በእሱ አትሸማቀቁ። ቢሆንም ትንሽ ነገር ከዘመድ ውጪ ትውጣ። ጌታችን ግብዣ ስታደርግ ብድር መመለስ የማይችሉትን ጥራ ያለው ዘመድ አንድ ቀን ስለሚመልስ ነው።

አንደኛው ፖስታ ለምናውቀው ችግር ነው። የጎረቤት ልጅ ደብተር፣ የአንዲት አሮጊት ኪራይ፣ ወይም አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እንደሚጦረው እንደ መቄዶንያ ላለ ቤት። እዚህ ላይ ጠንክራችሁ ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ "ወንድማችንን እናሳክም" የሚል ሲመጣ አካውንቱ በማን ስም ነው በሉ። ሐኪም ቤቱ ደውሉ። ስለጠየቃችሁ እምነት የጎደላችሁ አይምሰላችሁ። ጳውሎስ ራሱ ያን ገንዘብ ለብቻው አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ከአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሰው አብሮ እንዲሄድ አድርጓል። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ነው ያለው። ይህን ሳነብ ሙያዬ ይበልጥ ይከብርብኛል።

ሁለተኛው ፖስታ ዝርዝር ብር ነው፤ ለደጃፍ። ከእሱ ስሰጥ ምንም አልጠይቅም። ብታለልም የምታለለው በሃምሳ ብር ነው። የጥያቄው ሰዓት አልፏል፤ ያን ጊዜ የሰውየውን ፊት ነው የማየው።

ዕቅዱ የሚቀደድበት ቀንም ይመጣል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄደው ነበር። አገሩ ተርቦ፣ ሕፃን ልጅ ከሞተች እናቷ አጠገብ አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ቤታቸው 21 ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር ፊታችሁ ሲወድቅ ፖስታችሁን አትመልከቱ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በዓል ሲመጣ ነዳያን ስታበሉ ስልክ አትደግኑባቸው። ባለፈው አንድ አዛውንት በአንድ እጃቸው እንጀራ ይዘው በሌላው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሲጎትቱ አየሁ። እየቀረጸ ያለው ልጅ ፈገግ እንዲሉ ይለምናቸዋል።

ስትሰጡ ጎንበስ በሉ። በሁለት እጅ ስጡ። የክርስትና ስማቸውንም ጠይቁ። እኔ የእኒያን እናት ስም አልጠየቅኩም። ዛሬም ለጸሎት ስቆም የማነሳቸው "ያቺ ማዘዣ የያዘች እናት" እያልኩ ነው።