ፎቶው ጠፍቷል፣ ዲስኩ ግን ሞልቷል

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ፎቶ ቤት አለኝ። የሠርግ ፎቶ የማስቀምጥበት በኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ በሚጫን ሥርዓተ ክወና) የሚሠራ ኮምፒውተር «ዲስኩ ሞልቷል» ይላል፤ የቆዩትን ባጠፋም ቦታ አልተለቀቀም። ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ስገለብጥ ደግሞ መብራት እየሄደ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ የቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ ያድርጉ። በማውዝ ያጠፉት ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ቦታ ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልሆነ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ተጭነው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ይክፈቱ። «ዲ ኤፍ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ «ኤች» ብለው በትንንሽ ፊደል ይጻፉ፤ የትኛው ዲስክ ምን ያህል እንደቀረው ያያሉ። የትኛው ፎልደር እንደበላው የሚነግርዎ «ዲ ዩ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ «ኤስ ኤች»፣ ክፍት ቦታ፣ ኮከብ ነው። ኮከቧ የተደበቁ ፎልደሮችን አትቆጥርም፤ ድምሩ አልገጥም ቢል አይደንግጡ።

ለመገልበጥ አርሲንክ የሚባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ይጠቀሙ፦ በትንንሽ ፊደል «አር ኤስ ዋይ ኤን ሲ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትንሿ «ኤ»፣ ትልቋ «ፒ»፣ ክፍት ቦታ፣ ምንጩ፣ ክፍት ቦታ፣ መድረሻው። መብራት ሲመለስ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት፤ ያለቁትን ፎቶዎች ይዘላል። «ኤ»ዋን ከረሱ ግን ፎልደሩን ይዘለዋል፤ ውስጡ ያለውን ምንም አይገለብጥም። በምንጩ ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ (/) ካደረጉ ፎልደሩ ሳይሆን ውስጡ ያለው ብቻ ይሄዳል፤ የሁለት ሠርግ ፎቶ የሚደባለቀው እንዲህ ነው።

ተርሚናል ላይ የቆየ ትእዛዝ በኮንትሮልና አር ይፈለጋል። መብራት ድንገት ከሄደ ግን የዕለቱ ትእዛዝ ሳይመዘገብ ስለሚቀር ረጅሙን ወረቀት ላይ ይያዙት።