ነጩ ጓል የመጣው ከማጣሪያሽ ነው

ከባሕር ዳር አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ከዳይፌኒልአላኒን (ሁለት ፌኒልአላኒን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ተጣምረው ከሠሩት አጭር ፔፕታይድ) መድኃኒት ተሸካሚ ናኖቲዩብ፣ እጅግ ደቃቅ ቱቦ፣ እሠራለሁ። መጀመሪያ በማይክሮስኮፕ ረጃጅም መርፌ የመሰሉ ነገሮች አየሁ። በሳምንቱ ስቶኩ፣ ፔፕታይዱን ያሟሟሁበት ወፍራሙ መነሻ ፈሳሽ፣ ደፈረሰ። በናይለን ማጣሪያ አጣራሁት። ውሃ ስጨምርበት ግን ነጭ ጓል ብቻ ሆነ። በመድኃኒት ፋንታ ያስገባሁት ቀለምም ወዲያው ይለቃል።»

እህቴ፣ ናይለን ስትዪ ነገሩ ገባኝ። ፔፕታይድሽን ያሟሟሽበት አሟሚ፣ ሄክሳፍሎሮአይሶፕሮፓኖል፣ ናይለንንም ያሟሟል። የሟሟው ናይለን ከፔፕታይድሽ ጋር አብሮ ወረደ፤ ውሃ ሲያገኝ ተመልሶ ረጋ። አረጋግጪ፦ ፔፕታይድ የሌለበትን ባዶ አሟሚ በአዲስ የናይለን ማጣሪያ አሳልፊና ውሃ ላይ ጠብ አድርጊ። ነጭ ከሆነ ጥፋቱ የማጣሪያው ነው። ከምን እንደተሠራ እንኳ ያልተጻፈበት ርካሽ ማጣሪያ እየገዙ የተማሪን ፔፕታይድ ማባከን ያናድደኛል። ማጣራት ካለብሽ የቴፍሎን ይሁን።

በመሠረቱ ግን የደፈረሰ ስቶክ አይጣራም፤ ይደፋል። ለምን መሰለሽ? አሟሚው እያንዳንዱን የፔፕታይድ ሞለኪውል ለብቻው ይዞ ያቆያል። ውሃ ሲገባ የፌኒልአላኒኖቹ ቀለበቶች ውሃውን ሸሽተው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የሞለኪውሎቹ ጫፎች ደግሞ በሃይድሮጅን ቦንድ ይያያዛሉ። ስድስት ስድስት ሆነው ክብ ይሠራሉ፤ ክቡ እንደ ጎታ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ይረዝማል። መሃሉ ውሃ የሚወድ ጠባብ ቀዳዳ ነው። ተመራማሪዎቹ ረሸስና ጋዚት በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን ሲያሳዩ የተነሡት በአልዛይመር ፕሮቲን ውስጥ ካለች ከዚችው ጥንድ ነው። ሰው ሳይነካው ራሱን በራሱ መሥራቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ስቶኩ ከቆየ ግን ግንባታው ሳትፈልጊው ጠርሙስ ውስጥ ይጀመራል። ስለዚህ በየሙከራው ትኩስ አዘጋጂ፤ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም፣ ከዚያ በውሃ አቅጥነሽ ወደ 2።

አሟሚው 58 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በባሕር ዳር የቀትር ሙቀት ክዳኑን ከፍተሽ ከተውሽው መጠኑ ይዛባል። ደግሞም ዓይን ያጠፋል! መነጽር፣ ጓንት፣ ፊውም ሁድ (ትነት ስቦ የሚያስወጣው የላቦራቶሪ ሳጥን)። መብራት ከጠፋ ሁዱ ይቆማል፤ ያኔ ክዳኑን ዝጊና ከክፍሉ ውጪ። «ትንሽ ናት፣ ልጨርሳት» የሚባል ነገር የለም።

ቀለሙ ቶሎ የለቀቀው ከውጭ የተለጠፈው ስለሆነ ይመስለኛል። በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ በሚያዘቅጠው ማሽን) ቱቦዎቹን አውርጂ፣ እጠቢ፣ ማጠቢያው ቀለም እስኪያጣ ድገሚ። መልቀቁን የምትለኪው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴል ላይ ከማድረግሽ በፊት አሟሚው ተኖ ማለቁን አረጋግጪ። ቀለም የሌለበትን ባዶ ቱቦም ለብቻው ሞክሪ፤ አለዚያ ሴሉ ቢሞት የገደለው ቱቦው ይሁን የቀረው አሟሚ አታውቂም። አሁንም እላለሁ፣ መነጽርሽን አታውልቂ።