ፈቃድ ላይ ሆኜ የቤት ስፖርቴን ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽው

እህቴ፣ «በሳምንት አምስት ቀን ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ አሁን የዓመት ፈቃድ ወጥቻለሁ፤ ካቆምኩ የለፋሁበት ይጠፋል፣ ከቀጠልኩ እረፍቱ እረፍት አይመስለኝም» ላልሽው፦ አታቁሚ፣ እንደ ወትሮውም አትቀጥዪ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ 25 ደቂቃ ይበቃሻል። በሌላው ቀን ምንጣፉን ጠቅልለሽ ከዓይንሽ አርቂው።

1. የሚቀነሰው ብዛቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። ብዙ ሰው አምስቱንም ቀን ይዞ ቀለል ቀለል እያደረገ ይሠራል፤ ይሄ ከሁለት ያጣ ነው። ጡንቻው የሚያስገድደው ስለሌለ ይለግማል፣ ሰውየውም አንድ ቀን እንኳ አላረፈም። ጉልበት ለሁለት ሦስት ሳምንት ብዙም አይነካም። ቶሎ የሚወርደው ትንፋሽ ነው፤ እሱን ደግሞ ዳገት ባለበት ሰፈር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይይዘዋል። ከዘመድ ጋር እያወጉ መሄድም ይቆጠራል፤ ማውራት እየቻልሽ መዝፈን ካቃተሽ ፍጥነቱ ልክ ነው።

2. ቀኑ ሰኞና ሐሙስ፣ ወይም ማክሰኞና ዓርብ። ጠዋት፣ ቡናው ሳይፈላ። «ከሰዓት እሠራዋለሁ» ያለ ሰው እንግዳ ይመጣበታል። የሚሠራው ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ፑሽ አፕና ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ወደ ወገብ መሳብ ነው፤ እያንዳንዱ 3 ዙር፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በየዙሩ መሀል 90 ሰከንድ እረፍት። መጨረሻ ላይ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ 30 ሰከንድ 3 ጊዜ። በስኳቱና በፑሽ አፑ ስትወርጂ 3 ሰከንድ ቁጠሪ፣ ታች 1 ሰከንድ ቆይተሽ ተነሺ። ሁለት ያህል ብቻ መድገም እንደምትችዪ ሲሰማሽ ዙሩን ጨርሺ። ዝላይ የለበትም። (ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ሆነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቡርፒ የሚዘሉ ሰዎች ግን ምን ነክቷቸው ነው?)

ስለ ጀሪካኑ ማንም አይነግርሽም። ባለ 10 ሊትሩ ውሃ ሲሞላ 10 ኪሎ ገደማ ነው። ግማሽ ብቻ ከሞላሽው ውሃው ወዲያ ወዲህ እየተናጠ አንጓሽን ያጣምመዋል፤ ስለዚህ ከትልቁ ግማሽ ትንሹን ባለ 5 ሊትር ሙሉ መያዝ ይሻላል። እሱ ከቀለለሽ ደረቅ አሸዋ ሙዪበት፣ ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። እጀታው ጣት ስለሚቆርጥ ጨርቅ ጠቅልዪበት። ክዳኑ የሚያፈስ ከሆነ ሴራሚኩ ይረጥብና ስኳት ላይ እያለሽ እግርሽ ይከዳሻል።

3. በዓል መሀል ከገባ ዶሮ ወጥ በልተሽ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ለስፖርት አትነሺ። ጠላ ወይም ጠጅ ባመሸሽበት ማግስት ወደ ሚቀጥለው ቀን አሸጋግሪው እንጂ በእጥፍ አትክፈዪው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የምትወርጂ ከሆነም ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ ትንፋሽሽ ይከፈትና ጎበዝ የሆንሽ ይመስልሻል። ሙቀቱን ግን አትርሺ፤ የሐይቁ ዳር እርምጃ ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን። «21 ቀን ያለማቋረጥ» እያሉ ቻሌንጅ የሚለጥፉትን እለፊያቸው፤ ሰው ሲያርፍ ማየት የሚያማቸው ናቸው።

ዋናው ጣጣ ያለው ስትመለሺ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዙሩን ከ3 ወደ 2 አውርጂ፣ ቀኑንም ሦስት አድርጊው። «ያለፈኝን ላካክስ» ብሎ በመጀመሪያው ሰኞ 200 ስኳት የሠራ ሰው ረቡዕ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሕመሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መባሱ የተለመደ ነው፣ ቀስ ብሎ መራመድ ያፍታታዋል። ጡንቻው ካበጠና ሽንትሽ የኮካ ቀለም ከያዘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ኩላሊት ስለሚጎዳ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። የሕመም ማስታገሻውን ዳይክሎፌናክ ውጠሽ እስኪሻልሽ አትጠብቂ፣ እሱ ራሱ ኩላሊት ላይ ጫና ይጨምራል።