የከሰል ጋዝና የኤሌክትሪክ ብልጭታ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ጅማ ነኝ። ብዙ ዓመት የማዕድን ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ፣ አሁን ሰራተኛ አሰለጥናለሁ። ደልቢ በኩል ከሰል የምታወጡ ልጆች ስለ ድንጋይ ከሰል ጋዝ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ከላይ ገልጠን ነው የምናወጣው፣ ይመለከተናል?

መልስ፦ ሜዳ ላይ ጋዙን ነፋስ ይወስደዋል፣ ስጋቱ ያነሰ ነው። ከሰሉን ተከትላችሁ እየቦረቦራችሁ ከገባችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ፣ ሜቴን የሚባለው፣ ከአየር ስለሚቀል ጣሪያ ስር ይጠራቀማል፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ቤት ያለው ቡታጋዝ የሚሸተው ሆን ተብሎ ሽታ ስለሚጨመርበት ነው። ስለዚህ አፍንጫችሁን አትመኑ፣ መለኪያ ያዙ፣ እሱንም ደረታችሁ ላይ ሳይሆን ጣሪያው ጋ አድርሱት።

ጥያቄ፦ ስንት ሲደርስ ነው የሚፈነዳው?

መልስ፦ ከአየሩ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን፣ የባሰው 9.5 አካባቢ ነው። ከ15 ካለፈ አይፈነዳም ብሎ የሚዝናና አለ፣ እባካችሁ፣ ንጹህ አየር ሲገባበት ተመልሶ እዛው መሀል ላይ ይወርዳል። አሜሪካኖቹ 1 በመቶ ላይ ኤሌክትሪክ ያጠፋሉ፣ 1.5 ላይ ሰው ያስወጣሉ።

ጥያቄ፦ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ምን ያደርጋል? ሰው እንኳን አይዝም።

መልስ፦ ሰው አለመያዙና ጋዝ አለማቀጣጠሉ አይገናኙም! ሜቴንን ለማቀጣጠል ከአንድ ሚሊጁል ሲሶ ያነሰ ጉልበት ይበቃል፣ ሹራብ ስታወልቁ ጠጠጥ የሚለው ብልጭታ ራሱ በቂ ሊሆን ይችላል። ዌልስ ውስጥ ሴንገኒድ በ1913 ከ430 በላይ ሰው ሲያልቅ ከተጠረጠሩት አንዱ የደወል ሽቦ ብልጭታ ነበር፣ ትንሽዬ የምልክት ደወል እኮ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ብልጭታው ራሱ ጋዝ ማቀጣጠል እንዳይችል ተደርጎ የሚሰራ መሳሪያ በደንብ የተጠናው።

ጥያቄ፦ ፍንዳታን የሚቋቋመው የማብሪያ ቦክስ አንድ ብሎን ቢጎድለው ችግር አለው?

መልስ፦ ይሄን ነው በጣም የምፈራው። ቦክሱ ጋዝ አያስገባም ማለት አይደለም፣ ይገባል፣ ውስጡም ሊፈነዳ ይችላል፣ ግን ነበልባሉ በክዳኑና በቦክሱ መሀል ባለው ጠባብ ክፍተት ሲወጣ ብረቱ ያቀዘቅዘውና ውጪ ያለውን ጋዝ ሳያቀጣጥል ይጠፋል። ክፍተቱ ትንሽ ከሰፋ አለቀ። አንዴ ልጆቹን ሳሰለጥን አንድ ብሎን ፈትቼ ከኪሴ ወረቀት አውጥቼ በክዳኑ ጎን ሳስገባው ሸርተት ብሎ ገባ፣ ሁሉም ዝም አሉ። ክዳኑና ቦክሱ የሚገጥሙበትን ገጽታ በመዶሻ አትምቱ፣ ቀለም አትቀቡት፣ ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ኬብልም አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ስልክስ?

መልስ፦ ውጪ ይቅር። ሲጋራና ላይተርም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ጋዝ ከሌለ ብናኙ ብቻውን ይፈነዳል?

መልስ፦ አዎ፣ ይፈነዳል። ብዙ ጊዜ ግን መሬት ላይ የተኛው ብናኝ በትንሽ የጋዝ ፍንዳታ ይነሳና እሱ ደግሞ ይቀጣጠላል፣ ያኔ መላ ዋሻውን ይዞ ይሄዳል። ፈረንሳይ ኩሪየር በ1906 1,099 ሰው ነው ያለቀው። መፍትሄው ብናኙ ላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በደንብ መበተን ነው።

ጥያቄ፦ ከፈነዳ በኋላ ጓደኛዬን ለማውጣት ልግባ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያለ መተንፈሻ መሳሪያ አትግባ። የከሰል ማንደጃ ቤት ዘግተው አስገብተው የሚሞቱት ሰዎች የሚሞቱበት ጋዝ ነው እዛም ያለው፣ አይታይም አይሸትም። መጀመሪያ መብራቱን ከውጪ አጥፉ፣ የገባውን ቁጠሩ፣ መሳሪያ ያለው ሰው እስኪመጣ መግቢያው ላይ ማንም እንዳያልፍ ቁሙ።