ባሕሩ ጠዋት ቢጠፋ አይደንግጡ

ጥያቄ፦ ለ28 ዓመት ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ልጆቻችን ለ30ኛ ዓመት ጋብቻችን ዛንዚባር አንድ «ዌልነስ ሪዞርት» ውስጥ አምስት ሌሊት ከፍለውልናል። ምግቡ፣ ማሳጁ፣ ዮጋው ሁሉ አለበት አሉን። የምንሄደው ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ዋና አልችልም። ባለቤቴ ደም ግፊት አለበት፤ ልብሱን አውልቆ ሰው ፊት መተኛት ደግሞ አይታሰብም። ለመሆኑ ሰው እዚያ አምስት ቀን ሙሉ ምን ይሠራል? (ከገርጂ)

መልስ፦ እንኳን ለ30ኛ ዓመታችሁ አደረሳችሁ! አሁን ለልጆቹ ይደውሉና ቀኑን ያስቀይሯቸው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዛንዚባር ላይ «ማሲካ» የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው። ያኔ ዋጋ ይወርዳል፤ ልጆቹም ቅናሽ አገኘን ብለው ሳይደሰቱ አልቀሩም። አንዳንድ ሆቴል እንዲያውም በዚያ ወቅት ጭራሽ ይዘጋል። ደረቁ ጊዜ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። እኛ ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ ስንረግጥ እዚያ ፀሐይና ነፋስ ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። መሀል ያለችው ጊዜ ለእናንተ ትሆናለች። የፈረንጅ እረፍት ስለሆነ ግን ዋጋው ይጨምራል፤ እሱን ለልጆቹ ይተዉት።

ረቡዕና ዓርብን አያስቡ። «ቪጋን» ካሉ በቂ ነው። ባቄላ በኮኮናት ወተት ይሠራሉ፤ እኔ ሁለት ሰሃን በልቻለሁ። የደሴቱ ሰው አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ጾም ምን እንደሆነ ለማስረዳት አይቸገሩም። «ዲቶክስ» (ሰውነት ማጽጃ) ብለው አረንጓዴ ጭማቂ ሲያመጡልዎ ግን አይሳቁባቸው። ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጾም ሰው ነገሩ ያስቃል፤ እኔ ስቄ አስተናጋጇ ቅር ብሏታል።

አሁን ወደ ባሕሩ። እኔ ያረፍኩት በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ አካባቢ ነበር። ማታ ገባን። ሞገዱን እየሰማሁ ተኛሁ። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ባሕር የለም! ነጭ አሸዋ፣ አረም፣ እዚህም እዚያም አሸዋው ላይ የተጋደመ ጀልባ። ውሃው ከኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቷል። ፎቶው ላይ ያለውን ሰማያዊ ባሕር ፍለጋ ሪሴፕሽን ድረስ ሄጄ ተጨቃጨቅሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ፤ የሙላትና የጉድለት ሰዓት ተጽፎባታል። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። እርስዎም ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህችን ወረቀት ይሁን። ማሳጁን ባሕሩ በሌለበት ሰዓት ያስይዙ።

ደግሞ ዋና ለማይችል ሰው ጉድለቱ ነው በረከቱ። ውሃው ቁርጭምጭሚት ላይ እየደረሰ ሩቅ ድረስ በእግር ይኬዳል። መመለሻ ሰዓቱን ብቻ አይርሱ። እሾሃም የባሕር ፍጥረት ስላለ በባዶ እግር አይሞክሩት፤ የድሮዋ ኮንጎ ጫማ ከማንኛውም ውድ ሰንደል ትሻላለች። እዚያው ሴቶቹን ያገኟቸዋል። ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር አረም በገመድ ላይ ያስራሉ። ተሽጦ ወደ ውጭ የሚሄድ ነው፤ ሳሙናም ይሠራበታል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቋቸው። ባለቤትዎ ቀኑን ሙሉ ውሃ ካላየሁ ካሉ ደግሞ በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ፤ እዚያ ባሕሩ ይህን ያህል አይሸሽም።

ማሳጁን በተመለከተ እኔም እንደ ባለቤትዎ ነበርኩ። ሠራተኛዋ ትወጣለች፣ እርስዎ አውልቀው አንሶላ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ አንኳኩታ ትመለሳለች። የምታሸውን ቦታ ብቻ ነው የምትገልጠው። ሴት ወይም ወንድ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል፤ ማንም አይገረምም። ባለቤትዎ እግርና ትከሻቸውን ብቻ፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሊታሹ ይችላሉ። መጀመሪያ የሚሞላ ፎርም አለ፤ ደም ግፊቱን እዚያ ላይ ይጻፉ። እንፋሎት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። መድኃኒታቸው በእጅ ሻንጣ ይሁን።

እርስዎ ግን «ሲንጎ» እንዳያመልጥዎት። የዛንዚባር ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት የሚታሹበት ነው፤ ቅርንፉድና የደረቀ የአበባ ቅጠል ተወቅጦ በሽቶ ውሃ ይለወሳል። እኔን ያሸችኝ ሴትዮ ወገቤን እየፈተገች ስለ ሙሽሮች ስታወራ ወይባ ጢስ የሚያሞቁኝ አክስቴ ትዝ አሉኝ። እናንተ ጋርስ ምን ይደረጋል አለችኝ። በእንግሊዝኛ እንጨት አጭሰን እላዩ ላይ እንቀመጣለን አልኳት። እጇ ቆመ። ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሂሳቡ ላይ ይጠንቀቁ። እኔ ያረፍኩበት ቦታ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ «ሁሉም ተካቷል» ብሎ ስወጣ የሁለት ማሳጅ ሂሳብ ሰጠኝ። የተካተተው በቀን 30 ደቂቃ ብቻ ነበር ለካ። ልጆቹ የከፈሉበትን ዝርዝር በስልክዎ ያስልኩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ፤ ካልተከተባችሁ ከ10 ቀን በላይ ሲቀራችሁ ተከተቡ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ሰው የደሴቱን መድን መግዛት ግዴታ ሆኗል። ሲጀመር በሰው 44 ዶላር ነበር፤ በኢንተርኔት ቀድሞ ይከፈላል።

አምስቱንም ቀን ግቢው ውስጥ አይቀመጡ። ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤትዎ «አሁን ቤታችን ብንሄድስ» ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ የዛንዚባርን አሮጌ ከተማ፣ ስቶን ታውንን፣ ያሳዩአቸው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። የተቀረጹትን በሮች አይታችሁ፣ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ የተጠበሰ ዓሣ በልታችሁ ተመለሱ።

ነጠላ ይዘው ይሂዱ፤ ማታ ነፋሱ ላይ ደስ ይላል። ከሲንጎ በኋላ ግን እንዳይለብሱት። እኔን ያሹበት ውስጥ እርድ ነበረበት፤ የነጠላዬ ጠርዝ ይኸው ስንት ጊዜ ታጥቦ እስካሁን ቢጫ ነው።